የጤና ተቋም ስትራቴጂን ከታካሚው ጉዞ ጋር ማገናኘት፦ ከየት እንጀምር?

የአብዛኛውን የጤና ተቋም ስትራቴጂክ ዕቅድ ስትገልጡ መጀመሪያው ገጽ ላይ «ታካሚ ተኮር አገልግሎት» የሚል ሐረግ አይጠፋም። ቀጣዮቹ ገጾች ግን በሥራ ክፍል የተከፋፈሉ ናቸው። የላብራቶሪ ግብ፣ የፋርማሲ ግብ፣ የተኝቶ ህክምና ግብ፣ የፋይናንስ ግብ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይዞ ይሮጣል።

ታካሚው ግን በክፍል አይታመምም። ከካርድ ክፍል ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ ተመልሶ ወደ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ፋርማሲ፣ በመጨረሻም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚንገላታው ክፍሎቹ ውስጥ አይደለም፤ በክፍሎቹ መሃል ነው። እዚያ መሃል ላይ ደግሞ ኃላፊ የለም፣ በጀት የለም፣ ሪፖርትም የለም።

ይህ መመሪያ ያንን «መሃል» ዕቅድ ውስጥ ስለማስገባት ነው። ለትልቅ ሆስፒታልም ለትንሽ ክሊኒክም ይሠራል። ስትራቴጂውን ከዜሮ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ያለውን ይዛችሁ ጀምሩ።

1. አንድ ዓይነት ታካሚ ምረጡ

«የታካሚዎቻችንን ጉዞ እናሻሽል» ብሎ የተነሳ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ላይ ይቀራል። ጉዳዩ ሰፊ ነው፣ መያዣ የለውም። ስለዚህ አንድ መንገድ ምረጡ። የስኳር ህመም ክትትል ያለው ሰው፣ ለመውለድ የመጣች እናት፣ ለቀዶ ጥገና የተቀጠረ ታካሚ፣ ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ሊሆን ይችላል።

ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። ብዙ ሰው የሚሄድበት ነው ወይ? ቅሬታ የሚበዛበት ነው ወይ? ከሦስት በላይ የሥራ ክፍሎችን ያቋርጣል ወይ? እኔ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለሦስተኛው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ችግር የክፍሉ ኃላፊ ሊፈታው ይችላል። ክፍሎችን የሚያቋርጠው ግን የበላይ አመራሩ ካልያዘው ማንም አይይዘውም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ስዊድን ውስጥ ዮንሾፒንግ በተባለው አካባቢ የተሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የዚያ አካባቢ የጤና ባለሙያዎች «ኤስተር» ብለው የሰየሟቸውን አንዲት አረጋዊት መነሻ አደረጉ። ኤስተር ከአንድ በላይ ህመም ያለባቸው፣ ከቤታቸው ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ሆስፒታል ሲመላለሱ ታሪካቸውን ለብዙ ሰው ደጋግመው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው የሚነሳው ጥያቄ «ለኤስተር የሚበጃቸው ምንድን ነው?» የሚል ሆነ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን የሆስፒታሉን፣ የጤና ጣቢያውንና የቤት ለቤት እንክብካቤውን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣቸው እሱ ነው።

2. ተከተሏቸው

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። መጠይቅ መበተን አይተካውም። የሐሳብ መስጫ ሳጥንም አይተካውም። ታካሚውን ከግቢው በር እስከሚወጣ ድረስ አብራችሁት ሂዱ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ስከተል አንዲት እናት ላብራቶሪው ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየሁ። የካርድ ቁጥራቸው የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት በሁለት ጣታቸው ይዘዋል። ወረቀቱ በላብ ረጥቦ ቁጥሩ መደብዘዝ ጀምሯል። «እማማ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው። «ውጤት ነው፣ ልጄ። እንጠራዎታለን ብለውኛል» አሉኝ። ጠርተዋቸው ነበር። ሁለት ጊዜ። የግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ አልሰሙም። ውጤታቸው ተሠርቶ መስኮቱ አጠገብ ባለው ትሪ ላይ ተቀምጧል። ላብራቶሪው ሥራውን በሰዓቱ ጨርሷል፣ ሪፖርቱ ላይም ጥሩ ቁጥር ይመዘገብለታል። ሐኪሙ ደግሞ ውስጥ ሆኖ ውጤት ይጠብቃል። ከትሪው እስከ ሐኪሙ ጠረጴዛ ያለው ርቀት 20 እርምጃ አይሞላም። ያንን 20 እርምጃ መሄድ ግን የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረም።

ስትከተሉ እነዚህን ጠብቁ።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ለምን እንደምትከተሏቸው በቀላል ቋንቋ አስረዱ፣ ካልፈለጉ ህክምናቸው ላይ ምንም እንደማይቀየር ንገሯቸው። ምርመራ ክፍል ውስጥ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ አትግቡ። ማስታወሻችሁ ላይ ስም አትጻፉ።

ሰዓቱን በየፌርማታው መዝግቡ፦ ደረሱ፣ ተጠሩ፣ ጨረሱ፣ ተነሱ። የተነገራቸውን ቃል እንዳለ ጻፉ። «ወደዚያ ሂዱ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተባለ ስትቆጥሩ ትደነግጣላችሁ።

መንገድ ጠፍቷቸው ስታዩ ለመርዳት እጃችሁ ይነሳል። ጤናቸውን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካልሆነ ትንሽ ታገሱ፣ የት እንደሚሳቱ ማየት አለባችሁ። ለደህንነታቸው የሚያሰጋ ነገር ካያችሁ ግን ማስታወሻውን ጣሉና እርዱ።

ቢያንስ 5 ሰው ተከተሉ፣ በተለያየ ሰዓት። አንዱ ማታ ወይም በእረፍት ቀን ይሁን። የማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታልና የእሑድ ሌሊት ሆስፒታል አንድ አይደሉም። አስታማሚውንም አትርሱ። መድኃኒት ለመግዛት የሚሮጠው፣ ደም ይዞ የሚሄደው፣ ወረፋ የሚይዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ደውሉላቸው። «መድኃኒቱን እንዴት እየወሰዱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። የስኳር ታካሚ በዓመት 4 ጊዜ ቢመጣና በየጊዜው 5 ሰዓት ቢቆይ ከእናንተ ጋር የሚያሳልፈው 20 ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪው 8,740 ሰዓት ቤቱ ነው። ጉዞው በራችሁ ላይ አያበቃም፣ ዕቅዳችሁ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ ያበቃል።

3. ግድግዳ ላይ ዘርጉት

ረጅም ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ታካሚው የረገጠውን እያንዳንዱን ቦታ በትንንሽ ተለጣፊ ወረቀት እየጻፋችሁ በቅደም ተከተል ደርድሩ። ይህ የጉዞው ካርታ ነው። ሐኪምና ነርስ ብቻ አትጥሩ። የካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ የፋርማሲ ባለሙያው፣ ተላላኪው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ይምጡ። ሰው ግቢው ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥበቃውን ነው። የትኛው ምልክት እንደማይታይ፣ የትኛው መስኮት ሰው እንደሚያሳስት ከሁሉም በላይ የሚያውቀውም እሱ ነው። ሁለት ሦስት ታካሚዎችና አንድ አስታማሚም ይኑሩ። መጀመሪያ ዝም ይሉ ይሆናል። ከፍተኛ ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ሲያዳምጥ ግን ይናገራሉ።

አሁን ሰዓቱን ደምሩ። ለምሳሌ አንድ የክትትል ታካሚ ጠዋት 2 ሰዓት ከ15 ደርሰው 7 ሰዓት ከ5 ወጡ እንበል። 290 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ባለሙያ በቀጥታ ያገለገላቸው ምዝገባ 4፣ የደም ግፊትና ክብደት መለካት 6፣ የመጀመሪያ ሐኪም 9፣ ደም መስጠት 3፣ ሁለተኛ ጊዜ ሐኪም 7፣ ፋርማሲ 5 ደቂቃ ነው። ድምሩ 34 ደቂቃ። ቀሪው 256 ደቂቃ ጥበቃና ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ሰውየው ለምርመራው ብለው ቁርስ ሳይበሉ መጥተው ከሆነ ደግሞ 290 ደቂቃው ትርጉሙ ይከብዳል። ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ ሲቆይ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።

ይህን ስሌት አመራሩ ፊት አስቀምጡት። «ሠራተኞቻችን ይሰንፋሉ» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ሁሉም እየሠራ ነው፤ የጠፋው ሰዓት በማንም እጅ ላይ የለም።

4. ዕቅዱን ከካርታው ጎን አስቀምጡ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ስትራቴጂክ ዕቅዱን አምጡና ሠንጠረዥ ሥሩ። በግራ በኩል የዕቅዱን ግቦች ወደ ታች፣ ከላይ ደግሞ የታካሚውን ፌርማታዎች ወደ ጎን ደርድሩ። በየሳጥኑ ከሦስት ምልክቶች አንዱን አድርጉ፦ ይህ ግብ ይህን ፌርማታ ያሻሽላል፣ ያባብሳል፣ ወይም አይነካውም።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ሦስት ነገር ይወጣል።

አንደኛ፣ ምንም ግብ የማይነካቸው ፌርማታዎች። ብዙ ጊዜ ርክክቦቹ ናቸው፦ ከሐኪም ወደ ላብራቶሪ፣ ከድንገተኛ ወደ ዎርድ፣ ከዎርድ ወደ ቤት፣ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሌላ ተቋም። በዱላ ቅብብል ውድድር ዱላው የሚወድቀው ሯጩ ሲሮጥ አይደለም፣ ሲያቀብል ነው።

ሁለተኛ፣ ምንም ፌርማታ የማይነኩ ግቦች። እነዚህ የግድ ይሰረዙ አልልም። የሒሳብ አያያዝ ማስተካከል ለታካሚው ወዲያው ባይታይም ያስፈልጋል። ግን የዕቅዱ ግማሽ እንዲህ ከሆነ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሚጋጩ ግቦች። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የላብራቶሪው ግብ ወጪ መቀነስ ነው እንበል። ወጪ ለመቀነስ ናሙና ሰብስቦ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ማሽኑን ማስነሳት ያዋጣል። ላብራቶሪው ግቡን መታ። ታካሚው ግን ለውጤት ነገ ተመለስ ተባለ፣ ሐኪሙም አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ማየት ግድ ሆነበት። በአንዱ ክፍል የተቆጠበው ብር በሌላው ክፍልና በታካሚው ኪስ ተከፈለ። የአልጋ ግብም እንዲሁ ነው። አልጋዎች ሁሉ ሁልጊዜ እንዲያዙ ግብ ብታስቀምጡ ድንገተኛ ክፍል የገባው ሰው ኮሪደር ላይ ያድራል። ባዶ አልጋ ሁልጊዜ ብክነት አይደለም። አንዳንዴ ለሚመጣው ሰው የተጠበቀ ቦታ ነው።

ስለ ግንባታ ግብም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በየዕቅዱ አለ። «የመጠበቂያ አዳራሹን ማስፋፋት» ይላል። ጆን ሊትል የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጡት ቀላል ሕግ አለ። በአንድ ቦታ በአማካይ የሚገኘው ሰው ብዛት፣ በሰዓት የሚገባው ሰው ሲባዛ አንዱ ሰው በሚቆይበት ሰዓት ነው። በሰዓት 20 ሰው ቢገባና አንዱ 3 ሰዓት ቢቆይ ግቢው ውስጥ 60 ሰው አለ። ቆይታውን ወደ 2 ሰዓት ብታወርዱት 40 ሰው ይሆናል። አንድ ጡብ ሳትደረድሩ የ20 ሰው ቦታ አገኛችሁ። ስለዚህ አዳራሽ ከማስፋፋታችሁ በፊት ለምን እንደሚጠብቁ ጠይቁ።

ግቦች ከታካሚው ሲርቁ ምን እንደሚከተል ዓለም አይቶታል። እንግሊዝ አገር ስታፎርድ ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ታካሚዎች ለከባድ በደል ተዳርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሮበርት ፍራንሲስ የተመራው ይፋዊ ምርመራ ባወጣው ሪፖርት፣ አመራሩ ለፋይናንስና ከበላይ ለወረዱ የቁጥር ግቦች ቅድሚያ መስጠቱ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር ገልጿል። የታካሚዎችና የቤተሰብ ጩኸት ነበር። ጩኸቱ ግን የአመራሩ ጠረጴዛ ላይ እንደ መረጃ አልተቆጠረም። ይህን ታሪክ ለቦርድ አባላት ሁልጊዜ እንድትነግሯቸው እለምናለሁ። ክፉ ሰዎች ስለሰበሰበ ብቻ አይደለም አንድ ተቋም የሚበድለው። የሚያየው ቁጥር የተሳሳተ ሲሆንም ይበድላል።

5. ግቦቹን እንደገና ጻፉ

ከሠንጠረዡ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ለመረጣችሁት መንገድ ሦስት ወይም አራት ግብ ብቻ ጻፉ። ታካሚው ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ይሁን። «የላብራቶሪ አገልግሎት ቅልጥፍናን ማሳደግ» አይበቃም። «የክትትል ታካሚ ውጤቱን፣ የሐኪም ምክሩንና መድኃኒቱን በአንድ ቀን፣ በ2 ሰዓት ተኩል ውስጥ ይዞ ይሄዳል» ቢባል ግን ላብራቶሪውም፣ ሐኪሙም፣ ፋርማሲውም እኩል ይጠየቁበታል። አንዱ ለብቻው ሊያሳካው አይችልም። የተፈለገውም ይኼው ነው።

መለኪያ ስትመርጡ አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 ያስቀመጡት ክፍፍል እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ያላችሁ ነገር፣ የምትሠሩት ሥራና የሚገኘው ውጤት። ብዙ ዕቅድ የመጀመሪያው ላይ ይቆማል፤ ማሽን ተገዛ፣ ሠራተኛ ሠለጠነ፣ ሕንፃ ተሠራ። እናንተ ወደ ሦስተኛው ሂዱ። የስኳሩ መጠን ተስተካከለ ወይ? ዓይኑና እግሩ በዓመቱ ውስጥ ታዩለት ወይ? ቤቱ ሄዶ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ያውቃል ወይ?

አማካይ ቁጥር ብቻ አትያዙ። አማካዩ 2 ሰዓት ሆኖ ከ10 ሰው አንዱ 6 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ያ አንዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣው፣ ማንበብ የማይችለው ወይም ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ነው። «ከ10 ሰው 9ኙ በስንት ሰዓት ይጨርሳሉ?» ብላችሁ ለኩ።

ለእያንዳንዱ ግብ ደግሞ አንድ ጠባቂ መለኪያ ጨምሩ። የተኝቶ ህክምና ቀናትን ለማሳጠር ከተነሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ የሚተኛውን ሰው ቁጥርም ተከታተሉ። አለበለዚያ ሰው ሳይድን ይሸኛል።

6. ለመንገዱ ባለቤት ስጡት

ኮሚቴ አይበቃም። ኮሚቴ ሲሆን ሁሉም ይስማማል፣ ማንም አይጠየቅም። አንድ ሰው ይሾም። ነርስ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ክፍሎችን አቋርጦ «ይህ ነገር ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ይሁን» ለማለት ሥልጣን መኖሩ ነው። ሥልጣን ሳይሰጡ ኃላፊነት መስጠት ያንን ሰው መጉዳት ነው። ከመደበኛ ሥራውም ጊዜ ይቀነስለት። በትርፍ ሰዓት የሚሠራ የጉዞ ማሻሻያ ሁለት ወር አይዘልቅም።

ገንዘቡም ይከተለው። ትንሽም ብትሆን ለመንገዱ የተመደበች በጀት ትኑር። የክፍል ኃላፊዎች የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ የጋራው ግብ ከነጥባቸው ድርሻ ይያዝ። ይህ እስካልሆነ ድረስ ሰው ወደ ራሱ ክፍል ግብ ነው የሚመለሰው፣ አይፈረድበትም።

ርክክብ ላይ የባለቤትነት ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ለንደን የሚገኘውን የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ማየት ይቻላል። የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሕፃናት ከቀዶ ጥገና ክፍል ወደ ጽኑ ህሙማን ክፍል ሲያስረክቡ ነገሮች ይዘበራረቁ ነበር። ቡድኑ በፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ላይ ጎማ የሚቀይሩትን ሠራተኞች አሠራር አጠና። ማን እንደሚመራ፣ ማን የቱን መሣሪያ እንደሚያገናኝ፣ መቼ እንደሚነገርና መቼ ዝም እንደሚባል ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናታቸው ስህተትም የሚዘነጋ መረጃም እንደቀነሰ አሳየ።

7. በትንሹ ሞክሩ

ነገ ጠዋት መላው ተቋም ላይ አታውጁ። አንድ ሐኪም፣ አንድ ቀን፣ 10 ታካሚ። ለምሳሌ ምርመራው አስቀድሞ የታወቀ የክትትል ታካሚ መጀመሪያ ሐኪም ጋ መግባት ለምን ያስፈልገዋል? ሐኪሞቹ በተስማሙበት ቋሚ ትዕዛዝ ታካሚው እንደደረሰ ነርሷ ደሙን ትውሰድለት፣ ሐኪሙ ጋ ውጤቱን ይዞ አንዴ ይግባ። አንድ ሙሉ ወረፋ ጠፋ። የታካሚው ሁኔታ የሚፈቅድና ምርመራው ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት የስኳር ሁኔታ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ተጠቀሙ፣ ቁርስ ሳይበሉ መምጣትን አይጠይቅም።

ዕለቱን ለኩ፣ ከሠራተኞቹ ጋር 15 ደቂቃ ተቀመጡ፣ አስተካክሉ፣ በሳምንቱ ድገሙ። ያልሠራውን ሳታፍሩ ጣሉት። «ሥራችንን አከበደው ወይስ አቀለለው?» ብላችሁ ሠራተኛውን ጠይቁ። ነርሷን የሚያደክም ማሻሻያ ታካሚው ላይ ተመልሶ ይመጣል።

8. አመራሩ ምን ያድርግ?

የቦርድ ስብሰባ በፋይናንስ ሪፖርት ሳይሆን በአንድ ታካሚ ጉዞ ይጀመር። 10 ደቂቃ ይበቃል። ከተቻለ ታካሚው ራሱ ይናገር። ቀጥሎ የመንገዱ ሦስት አራት መለኪያዎች በወር በወር ተስለው ይቅረቡ፤ የአንድ ወር ቁጥር ከአንድ ወር ቁጥር ጋር ብቻ እያወዳደሩ መጨቃጨቅ ይቅር። እያንዳንዱ የቦርድ አባል በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ አንድ ታካሚ ይከተል፣ ያለ አጀብ።

አመራሩ ብቻ ሊያደርገው የሚችል ሌላም ነገር አለ፦ ሥራ ማስቆም። አዲስ ግብ ሲጨመር አሮጌው ካልተነሳ ሠራተኛው ሁለቱንም ላይ ላዩን ይሠራል። ማንም የማያነበውን ሪፖርት፣ ሦስት ቦታ የሚሞላውን አንድ ዓይነት ፎርም፣ ዓመታት የዘለቀውን ያለ ውሳኔ የሚበተን ስብሰባ ዝርዝር አውጡና «ከዚህ ወር ጀምሮ ቀርቷል» የሚል ደብዳቤ ፈርሙ። ሠራተኛው ዕቅዱን ከልብ ማመን የሚጀምረው ያ ደብዳቤ ሲደርሰው ነው።

9. ያንኑ መንገድ ድገሙ

በ6ኛው ወር መጀመሪያ ሰዓቱን በመዘገባችሁበት መንገድ ሌሎች 5 ታካሚዎች ተከተሉ። አዲሱን ካርታ ከአሮጌው ጎን፣ ሠራተኛውም ታካሚውም በሚያየው ኮሪደር ላይ ስቀሉት። የቀነሰውን በአንድ ቀለም፣ ያልተነቃነቀውን በሌላ ቀለም አክብቡ። ያልተነቃነቀው ቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ይግባ። ከዚያ ሁለተኛውን መንገድ ምረጡ፣ ባለቤት ሹሙለት፣ የመጀመሪያውን የመራው ሰው ደግሞ አጠገቡ ሆኖ ያግዘው።